እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚባለው ለየትኛዋ ነው?

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ልጇ ሲወለድ ሆስፒታል የገባችው በእግሯ፣ ቡናዋን በእጇ ይዛ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ የሕፃን ካልሲ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ቅጂና ለነርሶቹ የገዛችው ቸኮሌት ነበር። ምጥ የያዛት ሌላ ሴት ናት። አልጋው ላይ የተኛችው እሷ፣ አጠገቧ ቆማ እጇን ይዛ የምታለቅሰው ደግሞ የልጁ እናት፣ የአክስቴ ልጅ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከአዲስ አበባ፣ ከሲያትልና ከዱባይ ለሚመጣው «ተገላገለች?» የሚል መልእክት መልስ እሰጣለሁ። ግራ ሲገባኝ «ተገላገልን» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነጠላዬን ጎተት አድርገው የሚጠይቁኝ አሉ። ማታ ማታ በሜሴንጀር «ለጓደኛዬ ነው» ብለው የሚጽፉልኝም አሉ። ሴትየዋን ከየት አገኟት? ስንት ከፈሉ? ልጁን አልሰጥም ብትልስ? ፈረንጅ ስለወለደችው ፀጉሩ ሉጫ ይሆናል? (ይቺን የጠየቀችኝ ፋርማሲስት ናት፣ እግዜር ይይላት።) ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የአክስቴ ልጅ አንብባዋለች፤ ስም እስካልጠራሁ ድረስ ግድ የላትም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ለሌላ ሰው አርግዞ መውለድን በአማርኛ «የማኅፀን ኪራይ» ሲሉት የአክስቴ ልጅ ደሟ ይፈላል። «ማኅፀን ኮንዶሚኒየም ነው እንዴ?» ትላለች። «ምትክ እናት» የሚሉም አሉ፤ እሱም አይዋጥላትም። «ሌሊት ሦስቴ የምነሳለት እኔ፣ የማን ምትክ?» ስለዚህ እኛ ቤት እዚህ አሜሪካ እንደ አገሩ ሰው አርግዛ የምትወልደዋን «ሰሮጌት» እንላታለን። እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

ነገሩ የጀመረው ከመጀመሪያ ልጇ ነው። ወለደች፣ ልጅቷ ደህና ናት፣ እናትየዋ ግን ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሞቹ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ማኅፀኗን አውጥተው ነፍሷን አተረፉ። 31 ዓመቷ ነበር። እንቁላል የሚያመርተው ክፍል ግን አልተነካም። ይህን ልብ በሉት፤ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ቁልቢ ልሳልልሽ» አለቻት። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው ያውቃል፤ በስለት የተገኘ ሕፃን አዝላ ዳገቱን የምትወጣ እናት፣ ጥላ ተሸክሞ ከኋላዋ የሚከተል አባት። የአክስቴ ልጅ ግን «ማኅፀን የሌላት ሴት ምን ብላ ትሳላለች እማዬ?» አለቻት። አክስቴ ትንሽ ዝም አለችና «እሱ መንገዱን ያውቃል» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እንግዲህ ወደዚህ መንገድ የሚመጣው ማን ነው ለሚለው የመጀመሪያው መልስ እንደሷ ያለች ሴት ናት። በደም መፍሰስ ወይም በካንሰር ማኅፀኗ የወጣ። ከናካቴው ያለ ማኅፀን የሚወለዱም አሉ፤ ከ5,000 ሴቶች ወደ አንዷ ይሆናሉ። ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁት በ16 እና በ17 ዓመታቸው፣ እኩዮቻቸው ሁሉ የወር አበባ አይተው እነሱ ሲቀሩ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባት እርግዝና ይገድልሻል የተባለች አለች። ስድስት ጊዜ ያስወረዳት አለች። አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ የሚገናኙበት ሕክምና) ደጋግማ ገንዘቧም አንጀቷም ያለቀ አለች። በአሜሪካና በእስራኤል ደግሞ አብረው የሚኖሩ ወንድ ጥንዶች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይህን ስጽፍ ፊቱን የሚያጨፈግግ አንባቢ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ግን ማን ነው የሚፈልገው ተብዬ ተጠይቄ ግማሹን ደብቄ አልመልስም። እስራኤል በ1996 በመንግሥት ኮሚቴ እየታየ እንዲፈቀድ ሕግ ስታወጣ ለወንድና ሴት ጥንዶች ብቻ ነበር። በ2018 ላላገቡ ሴቶች ሰፋ። ወንዶቹ ሰልፍ ወጡ፣ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፣ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ለእነሱም ተፈቀደ።

«ቅርጿ እንዳይበላሽ ብላ ነው» የሚባልላትስ? ምናልባት አንድ ቦታ ትኖር ይሆናል። እኔ ግን አላየኋትም። ያየሁት ሰሮጌት የሚያገናኘው ቢሮ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ዶሴ ታቅፈው የሚቀመጡ፣ ዓይናቸው ሥር የጠቆረ ሰዎች ነው። ዝነኞቹ ጥቂት ናቸው፤ ጩኸታቸው ስለሚበዛ ነው ብዙ የሚመስሉት።

ጉዲፈቻ ለምን አልሞከረችም የሚለኝም ሞልቷል። ሞክራለች። ግን የጉዲፈቻው ዓለም የድሮው አይደለም። በ2004 ብቻ ወደ 23,000 የሚጠጉ ሕፃናት ከውጭ አገር በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ገብተዋል። ከኛ አገር በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ መጥተዋል፤ ያኔ የዋሽንግተኑን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያየ ሰው አይረሳውም። ከዚያ በር በበር ተዘጋ። ጓቲማላ በ2008 አቆመች። ሩሲያ በ2013 ለአሜሪካውያን ዘጋች። ኢትዮጵያ ከብዙ ማጭበርበርና ልብ ከሚሰብር ታሪክ በኋላ በ2018 ለውጭ ዜጎች መስጠት ከለከለች። ደግ አደረገች ከሚሉት አንዷ ነኝ። ግን በር ሲዘጋ ፍላጎቱ አብሮ አይዘጋም፣ ሌላ በር ያንኳኳል። ከሚያንኳኳቸው አንዱ ይሄ ነው።

ታናሽ እህቷ «እኔ ልሸከምልሽ» አለች። ሁላችንም አለቀስን፣ ተቃቀፍን፣ ነገሩ ያለቀ መሰለን። አክስቴ ራሷ በ61 ዓመቷ «እኔስ?» ብላ ነበር፤ ሳቅን። በኋላ ሳነብ ለካ የሚሳቅ አልነበረም። በ1987 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፓት አንቶኒ የምትባል የ48 ዓመት ሴት ለገዛ ልጇ ሦስት መንታ ወልዳለች። ልጅየው ልክ እንደኛዋ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ማኅፀኗን ያጣች ናት። አያትየዋ የልጅ ልጆቿን አማጠች።

የእህትየው ነገር ግን አልሆነም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የምፈልገው ይህን ነውና። ሐኪሙ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላካቸው። ባለሙያዋ ታናሽየውን ለብቻዋ አስገብታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት አሉ፤ «እምቢ ብትዪ ቤተሰባችሁ ውስጥ ምን ይፈጠራል?» ልጅቷ ከዚያ ክፍል ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነበር። ለካ እምቢ ማለት እንደሚቻል ለአንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም። የራሷን ልጅ ገና አልወለደችም፣ ትዳሯ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ባሏ አልወደደውም፣ ግን ይሉኝታ ይዟታል። እህቷ ዓይን ዓይኗን እያየቻት እንዴት እምቢ ይባላል? እኛ ጋ በነፃ የሚደረግ ነገር ሁሉ ንጹሕ ይመስለናል። ገንዘብ የገባበት ነገር ደግሞ ሁሉ ቆሻሻ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ከዚያ ወዲህ ግን ገንዘብ የምትቀበል እንግዳ ሴት እምቢ ማለት ትችላለች፤ ይሉኝታ የያዛት እህት ግን አትችልም እላለሁ። ማነው የተገደደው?

ይህን ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ የጻፈችልኝ ሴት አለች። «የቤት ሠራተኛዬ ፈቃደኛ ናት፣ ሐኪም ብቻ ጠቁሚኝ» ትላለች። እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን የምትተኛበት ክፍል ያንቺ፣ የምትበላው ያንቺ፣ ደመወዟ ያንቺ እጅ ላይ ሆኖ «ፈቃደኛ ናት» ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞም በአገራችን በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነትን የሚያውቀው በመውለድ ነው። የወለደችው እናት ናት፣ አለቀ። ፅንሱ ከማን እንቁላል እንደመጣ አይጠይቅም። ስለዚህ በወረቀት የልጁ እናት እሷ ትሆናለች፤ አንቺ ምንም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሰሮጌት የሚያገናኝ ኤጀንሲ አለ። ማመልከቻ ትሞላለህ፣ ፎቶ ታስገባለህ፣ ለማታውቃት ሴት ደብዳቤ ትጽፋለህ። የአክስቴ ልጅና ባሏ ደብዳቤውን ለመጻፍ አንድ ወር ፈጀባቸው። ባልየው «እኛ ጥሩ ሰዎች ነን» ብሎ ሲጀምር ሰማሁና ሥራ ማመልከቻ አስመሰልከው አልኩት። ሰሮጌቷም በበኩሏ ፋይል አላት፤ ስንት ልጅ እንደወለደች፣ ለምን እንደምትፈልግ፣ ከማን ጋር መሥራት እንደማትፈልግ ሳይቀር። መምረጥ በሁለቱም በኩል ነው። እኛዎቹን አንዷ አልፈልግም ብላቸዋለች፣ ምክንያቱን አልነገረቻቸውም። ጥሎሽ ይዞ ሄዶ መመለስ ነው ልክ።

አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞቹ የሚከተሉት መመሪያ ሰሮጌት የምትሆነዋ ቢያንስ አንድ ልጅ በሰላም የወለደችና 21 ዓመት የሞላት እንድትሆን ይመክራል። የራሷ ልጅ ከሌላት ምን እንደምትገባበት አታውቅም የሚል ሐሳብ ነው። ደሟ ይመረመራል፣ ማኅፀኗ ይታያል፣ ባሏም ይመረመራል። ባለሙያ ታናግራለች። ጠበቃ ይቆምላታል፤ ከወላጆቹ ጠበቃ የተለየ፣ ክፍያውን ግን እነሱ የሚችሉት። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጣል። እዚህ ሁሉ ላይ ለመድረስ አንድ ዓመት አለፈ። ገና ፅንስ የለም።

ፅንሱስ? የአክስቴ ልጅ ሆዷ ላይ መርፌ እየተወጋች እንቁላሏ ወጣ፣ ከባሏ ዘር ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኘ፣ ፅንሶቹ በረዶ ሆነው ተቀመጡ። ሰሮጌቷ በበኩሏ ማኅፀኗ እንዲዘጋጅ ሆርሞን ወሰደች። ፕሮጀስትሮን የሚባለው ዘይት ያለው መርፌ አለ፤ ማታ ማታ መቀመጫዋ ላይ ባሏ ነው የሚወጋት፣ ለሳምንታት። አንድ ፅንስ ብቻ ገባ። የመጀመሪያው አልያዘም። ሁለተኛው ያዘ። ስለዚህ ልጁ ከሰሮጌቷ ጋር በሥጋ ዝምድና የለውም፤ ፀጉሩ ሉጫ አይሆንም፣ አፍንጫውም የአባቱ ነው፣ ያሳዝናል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሚሺጋን ውስጥ ኖኤል ኪን የሚባል ጠበቃ ሰዎችን ሲያገናኝ ሴትየዋ የምታረግዘው በራሷ እንቁላል ነበር፤ ማለትም የገዛ ልጇን ነው አስረክባ የምትሄደው። ጦሱ በ1986 ወጣ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሜሪ ቤት ዋይትሄድ የምትባል ሴት በ10,000 ዶላር ልትወልድ ተስማምታ ወለደች፣ ልጅቷን አቀፈቻት፣ ከዚያ መስጠት አቃታት። ይዛት ፍሎሪዳ ጠፋች። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ጋዜጣ። በ1988 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሉ ዋጋ የለውም አለ፤ ልጅቷ ግን ከአባቷ ጋር እንድታድግ፣ እናትየዋም እንድታያት ወሰነ። ሚሺጋን ደግሞ ያንኑ ዓመት በክፍያ የሚደረገውን ወንጀል አደረገችው። ሁሉ ነገር የተጀመረበት ስቴት ከሌሎቹ በፊት ዘጋ፣ እስከ 2024 ድረስም አልከፈተም። ከዚያ ጉዳይ በኋላ ነው ሥራው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ሰው እንቁላል የዞረው፤ ጠበቆቹ ሴትየዋ የገዛ ሥጋዋን እንድትሰጥ መጠየቅ አደጋ መሆኑን አይተዋል።

ሕጉ እዚህ አገር እንደ ሠፈር ነው የሚለያየው። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ኢስተርን አቬኑ የሚባለውን መንገድ ከተሻገርን ዋሽንግተን ዲሲ ነን። እስከ 2017 ድረስ ዲሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል ሕገ ወጥ ነበር፤ እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ነበረው። ሜሪላንድ ማለትም መንገዱን ተሻግሮ ዳኛ ወረቀት ይፈርማል። እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ያኔ እዚያ ወንጀለኛ፣ እዚህ ወላጅ።

ዳኛው የሚፈርመው ትእዛዝ ልጁ ሳይወለድ የሚወጣ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የእነማን ስም እንደሚጻፍ ይናገራል። ለዚህ ነው የአክስቴ ልጅ ቦርሳ ውስጥ የነበረው። እንግሊዝ አገር ግን ልክ እንደኛ አገር ሕግ የወለደችው እናት ናት፤ ወላጆቹ ከተወለደ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደው ይጠይቃሉ፣ እሷም ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የሰጠችው ፈቃድ አይቆጠርም። ክፍያም ወጪን ከመሸፈን ማለፍ የለበትም።

ወደ ውሉ ልምጣ። አርባ ገጽ አካባቢ ነው። ጠረጴዛ ከበን በዙም ስናነበው እኔም በአስተርጓሚነት ነበርኩ፤ አክስቴ ከአዲስ አበባ ልስማ ብላ። ሆድ የሚያስቆርጥ ወረቀት ነው። ፅንሱ ችግር ቢኖርበት ምን ይደረጋል? መንታ ቢሆን? እሷ ወደ ሌላ ስቴት መሄድ የማትችለው ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው? በኦፕራሲዮን ብትወልድ ስንት ይጨመራል? ማኅፀኗ ቢወጣስ? እዚያ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠበቃው ቁጥሩን አነበበ፣ አለፈ። የአክስቴ ልጅ ብድግ ብላ ኩሽና ገባች፣ የቧንቧ ውኃ ድምፅ ሰማን። ማኅፀን ቢጠፋ ስንት እንደሚከፈል በዶላር የተጻፈበት ወረቀት እሷ ፊት ነው የተነበበው። ስትመለስ «ያችን ቁጥር እጥፍ አድርጉልኝ» አለች። ጠበቃዋ አያስፈልግም፣ ልማዱ ይሄ ነው አላት። «እኔ ዋጋውን አውቃለሁ» አለችው።

ምግብን በተመለከተ የምትጨምሩት አለ ወይ ሲባሉ አክስቴ በስልክ «ጾም አትጹም በያቸው» አለች። ሰሮጌቷ ባፕቲስት ናት። አልተረጎምኩትም።

ገንዘቡን ጠይቃችኋል። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላላው ከ100,000 ዶላር ያልፋል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 200,000 ይደርሳል። ከዚያ ላይ ሰሮጌቷ የምታገኘው ከፊሉን፣ አንዳንዴም ከሲሶው ብዙ የማይበልጥ ነው፤ የቀረው ለኤጀንሲ፣ ለክሊኒክ፣ ለጠበቃና ለኢንሹራንስ ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት፣ ባሏ መኪና ይነዳል። ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩ፣ ዕቁብ ገቡ፣ የዕቁቡ ሰዎች የመጀመሪያውን ዕጣ ያለ ዕጣ ሰጧቸው። ሀብታም አይደሉም። አሁንም እየከፈሉ ነው።

ይህን የማይችል ሰው የት ይሄዳል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስፈራኝ። ውኃ ቁልቁለት እንደሚፈልግ ይሄም ርካሽና ሕግ የላላበትን አገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ሕንድ ነበር። አናንድ በምትባል የጉጃራት ከተማ ነፍሰ ጡሮቹ አንድ ሆስቴል ውስጥ አልጋ ተደርድሮላቸው ዘጠኝ ወር ይኖሩ ነበር፤ የሚያገኙት ገንዘብ ለእነሱ የዓመታት ደመወዝ ነው። ሕንድ በ2015 ለውጭ ዜጎች ዘጋች፣ በ2021 ሕግ ደግሞ ለራሷ ዜጎችም ክፍያውን ከለከለች። ታይላንድ ላይ በ2013 መጨረሻ አንድ የአውስትራሊያ ጥንድ መንታ ተወልዶላቸው ሴቷን ይዘው ሄዱ፤ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ጋሚ የሚባለው ወንዱ የወለደችው ሴት ጋ ቀረ። በ2014 ሲሰማ ዓለም ጮኸ፣ ታይላንድ በ2015 ዘጋች። ኔፓል ያንኑ ዓመት በሚያዝያ ምድር ሲንቀጠቀጥ እስራኤል አውሮፕላን ልካ ለዜጎቿ የተወለዱትን ሕፃናት አወጣች፤ የወለዷቸው ሴቶች ግን እዚያው ቀሩ፣ አብዛኞቹ ከሕንድ የመጡ ናቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቆመው። ካምቦዲያም በ2016 ዘጋች። ከዚያ ሰዉ ወደ ዩክሬንና ወደ ጆርጂያ (የአሜሪካዋ ስቴት ሳትሆን የሩሲያ ጎረቤት የሆነችው አገር) ዞረ። በ2020 ኮሮና ድንበር ሲዘጋ ኪዬቭ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተደርድረው የሚያለቅሱ 46 ሕፃናትን በቪዲዮ ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ ወላጆቻቸው መግባት አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ጦርነት መጣ፣ ሕፃናቱ በምድር ቤት መጠለያ ውስጥ ጡጦ እየጠቡ።

ጣሊያን በ2024 ዜጎቿ ውጭ አገር ሄደው ቢያደርጉት እንኳ ወንጀል ነው አለች። እስከ ሁለት ዓመት እስር፣ እስከ 1 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት። ያቆመዋል? አይመስለኝም። መደበቅ ያበዛል እንጂ።

የኛዋ ሰሮጌት የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናት። ባሏ ወታደር የነበረ። አሜሪካ ውስጥ የወታደር ሚስቶች በዚህ ሥራ ይበዛሉ ይባላል፤ በወጣትነት ይወልዳሉ፣ ባል ሲንከራተት ቋሚ ሥራ አይይዙም። ለምን ገባሽበት ብዬ በአንድ ወቅት ጠይቄያታለሁ። ሰው ሁሉ «ለመርዳት ነው» እንድትል ይጠብቅባታል። እሷ ግን ፊት ለፊት «የቤቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ «ደግሞ ማርገዝ ይቀናኛል፣ የራሴ ልጅ ግን በቃኝ» አለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላበላሸውም። ስለ መስጠቱ ጠየቅኳት። «ሰው ልጅ ሲያስጠብቅሽ እናቱ ስትመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ መለሰችልኝ።

አክስቴ የመጣችው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሻንጣዋ ግማሹ የገብስ ዱቄት፣ ግማሹ የአጥሚት እህል። ንጥር ቅቤውን እንዴት እንዳሳለፈችው አልጠየቅናትም።

ልጁ ቤት በገባ በማግሥቱ ሴቶቹ መጡ። የመጀመሪያዋ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለች። የአክስቴ ልጅ ድርቅ አለች። አሜን ለማለት አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም። እናቷን አየች። ማርያም የማረችው ማንን ነው? አላማጠችም፣ ደም አልፈሰሳትም፣ ሶፋው ላይ እንደ አራስ አስቀምጠዋት ገንፎ እየቀረበላት ነው። ቀስ ብላ አሜን አለችና ገንፎውን አንድ ማንኪያ ወስዳ ተወችው።

ሴቶቹ ሲወጡ አክስቴ እጇን እያጠበች «ያቺን ልጅ ማን እያረሳት ነው?» አለች። ማንም አልመለሰም። እናቷ ሩቅ ናት፣ ባሏ ሥራ ገብቷል። አክስቴ ምንም አላለችም። በነጋታው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የማማሰያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

ገንፎውን ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጋ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ አጥሚቱን በቴርሞስ ሞልታ መኪናዬ ውስጥ ገባች። ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳሁ። ሰሮጌቷ በፒጃማ በር ከፈተች፣ ከኋላዋ ትንሹ ልጇ እግሯን ይዞ። አክስቴ አገላብጣ ሳመቻትና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እንዴት ልተርጉመው? ቸኩዬ «ሜሪ ስለማረችሽ ደስ ብሎናል» አልኩ።

ልጅቷ አክስቴን እጇን ይዛ «ቴንክ ዩ፣ ሜሪ» አለቻት።

ላስተካክል ስል አክስቴ ኩሽና ገብታ ሳህን ትፈልጋለች። ልጅቷ ከገንፎው ጥቂት ማንኪያ በላች፣ መሐሉ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው አለች፣ በርበሬና ቅቤ ነው አልኳት፣ ዓይኗ አለቀሰ። ትልቁ ልጅ ቅቤውን በጣቱ ጠረገው። ስንወጣ ልጅቷ ከፍሪዘር የታለበ ወተት በየከረጢቱ አውጥታ፣ ቴርሞሱን አጥባ፣ አንድ ላይ አስያዘችን። በውሉ ላይ አልነበረም።

አሁን ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው። በየገና ፖስታ ይመጣል፣ የሁለቱ ወንዶች ፎቶ ያለበት። ፖስታው ላይ «ለሜሪ» ተብሎ ተጽፏል። የአክስቴ ስም ሜሪ አይደለም። ዘንድሮ አነበብኩላትና ልንገራት ወይ፣ ስምሽ እንደዚያ እንዳልሆነ አልኳት።

«ተዪው» አለች። «ቁልቢ ስሄድ የሷን ስም ጭምር ነው የምጠራው፤ እሷ የኔን አሳሳተች ብዬ ልቆጣ?»